25ቱ ቃላት፦ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን
ጉዳዩ፦ በስውር ሳንቲም የተበላ ሰው የት እንደሚሄድ ስለመጠየቅ
ከደብረ ብርሃን

ክቡራን፣

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ የተቆለፈ እከፍታለሁ፣ አፕ እጭናለሁ። የኢኮኖሚ አዋቂ አይደለሁም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ መሳቢያዬ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ስልክ ነው።

ስልኩ የአንድ ጋሼ ነው። ስማቸውን አልጠራም። ከመንዝ በኩል ናቸው። ዓመታት ያሳደጉትን ባሕር ዛፍ ሸጠው 240,000 ብር ይዘው ከተማ ገቡ። አብሯቸው አንድ ወጣት ነበር። “ኤጀንት ነኝ” አለኝ። የምን ኤጀንት እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ጋሼ አዲስ የገዙትን ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ፣ ልጁ ደግሞ “የሞኔሮ ዋሌት ጫንላቸው” አለ። ሞኔሮ እንደ ቢትኮይን ያለ የኢንተርኔት ገንዘብ (ክሪፕቶ) ነው፣ ግን ዱካውን ይደብቃል። ስውር ሳንቲም የምለው ይህን ዓይነቱን ነው። ዋሌት ደግሞ ገንዘቡ የሚያዝበት አፕ ነው። ጫንኩ። 50 ብር ተቀበልኩ።

ያ የሞኔሮ ዋሌት መጀመሪያ ሲከፈት 25 ቃላት ያሳያል። እነዚያ ቃላት ቁልፉ ናቸው። ስልኩ ቢሰበር፣ ቢጠፋ፣ እሳት ቢበላው፣ ቃላቱን የያዘ ሰው ሌላ ስልክ ላይ አስገብቶ ገንዘቡን ያገኛል። ባለቤቱ ይሁን ሌላ ሰው፣ ዋሌቱ አይለይም። ልጁ ደብተር አወጣና ገለበጣቸው። “እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ጋ ይቀመጥልዎ” አላቸው። ጋሼም መረቁት። በብራቸውም ሞኔሮ ገዙ።

እኔ ይህን ቆሜ አየሁ። ትክክል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ዘመዳቸው መሰለኝ፣ ወረፋም ነበር፣ ዝም አልኩ።

በሁለተኛው ወር ጋሼ ብቻቸውን መጡ። “ልጄ፣ ገንዘቧ እዚች ውስጥ ነበረች። አሁን ዜሮ ትላለች። እስቲ ፈልግልኝ” አሉኝ። ከፈትኩት። አንድ ወጪ ይታያል። ቀኑ አለ፣ መጠኑም አለ። የት እንደሄደ ግን የለም። ልጁ ስልኩን ዘግቷል፣ የቴሌግራም ገጹም ጠፍቷል። ጋሼ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። ቢትኮይን ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ገንዘቡ የሄደበትን መንገድ በጣቴ አሳያቸው ነበር። ሞኔሮ ላይ የማሳየው ነገር አልነበረኝም።

ለምን እንዳልነበረኝ ላስረዳ። ልመናዬ ከዚያ ነው የሚነሣው።

ብዙ ሰው ቢትኮይን ስውር ገንዘብ ይመስለዋል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ከተጀመረ ወዲህ የተላከው ሁሉ የሚጻፍበት መዝገብ ለዓለም ክፍት ነው። የእቁብ ደብተር ገበያ መሃል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል ብላችሁ አስቡት። የሰው ስም የለበትም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ግን አንድ ቀን “ይህ ቁጥር የእገሌ ነው” ከተባለ፣ እገሌ በዚያ ቁጥር የተቀበለውና የከፈለው ሁሉ ይነበባል። አይፋቅም፣ አይቀደድም።

ሞኔሮ ይህን ደብተር ለመሸፈን የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ተጀመረ። ስሙ በኤስፐራንቶ ቋንቋ “ሳንቲም” ማለት ነው። ሦስት ነገር ይሸፍናል፦ ላኪውን፣ ተቀባዩን፣ መጠኑን።

ከላኪው እንጀምር። ብርዳም ጠዋት መሐል ሜዳ ገበያ 16 ሰዎች ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ቆመዋል እንበል። ከመካከላቸው አንዱ ከፍሏል። መከፈሉ እርግጥ ነው። ማን እንደከፈለ ግን ከውጭ ያለ ሰው አይለይም። ሞኔሮም አንድ ሳንቲም ሲከፈል ቀድሞ መዝገቡ ላይ ከነበሩት ሌሎች 15 ሳንቲሞች ጋር ደባልቆ ያቀርበዋል። 16 የሆነው እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ነው፣ ቀድሞ ያንሳል። ያንኑ ሳንቲም ሁለት ጊዜ የሚከፍል ሌባ እንዳይኖር ደግሞ እያንዳንዱ ሳንቲም ሲወጣ የራሱን ማህተም ጥሎ ይሄዳል። ማህተሙ ባለቤቱን አይናገርም። ሁለተኛ ጊዜ ከታየ ግን ክፍያው ውድቅ ነው።

ተቀባዩን የሚሸፍነው በአንድ ጊዜ አድራሻ ነው። ለአንድ ሰው መቶ ጊዜ ብትልኩ መዝገቡ ላይ መቶ የተለያዩ አድራሻዎች ይጻፋሉ። የእኔ ናቸው ብሎ የሚያውቃቸው የተቀባዩ ቁልፍ ብቻ ነው።

መጠኑን የሚሸፍንበት መንገድ ከሁሉም ይገርመኛል። ሁለት የተሰፉ ጆንያዎች ሚዛን ላይ ወጥተዋል። አንዱ የገባው ነው፣ ሌላው የወጣው። ሚዛኑ እኩል ቆመ። ውስጣቸው ስንት ኪሎ ገብስ እንዳለ ማንም አላየም፣ ግን ከገባው በላይ አለመውጣቱ ተረጋግጧል። ሞኔሮ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ እንዲህ እያደረገ ነው። ሒሳቡ ከባድ ነው፣ ሐሳቡ ግን የእህል ነጋዴ የሚገባው ነው።

ሁለተኛው ስውር ሳንቲም ዚካሽ ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እሱ ሰው መሃል አይደበቅም። “ገንዘቡ አለኝ፣ የእኔ ነው፣ ቀድሜም አላወጣሁትም” የሚለውን፣ ገንዘቡን ሳያሳይ በሒሳብ ያረጋግጣል። ግን ሽፋኑ በፈቃድ ነው። ክፍት አድራሻም ስውር አድራሻም አለው። በክፍቱ የተጠቀመ ሰው እንደ ቢትኮይን ተጠቃሚ ይታያል። “ዚካሽ ስለያዝኩ ተደብቄያለሁ” ብሎ የሚተኛ ብዙ ነው። ዳሽ የሚባለውም አለ። እሱ ገንዘብን ከሰው ገንዘብ ጋር ከመቀላቀል ብዙም አያልፍም።

እዚህ ላይ ለወገን ልናገር። ገንዘብን መደበቅ የሌባ ሥራ ብቻ አይደለም። እኛ አገር ገንዘቡን ለጎረቤት የሚያወራ ማን ነው? ነጋዴ ስንት እንዳተረፈ ተፎካካሪው እንዲያይ አይፈልግም። ደመወዝተኛ ስንት እንደሚያገኝ ዘመድ ሁሉ እንዲያውቅ አይፈልግም። ሰው ታግቶ ገንዘብ በሚጠየቅበት ዘመን ደግሞ “አለው” መባል በራሱ አደጋ ነው። ጋሼም ያሉኝ ይህንኑ ነው፦ “ባንክ ባስገባ ሰው ይሰማል፣ ቤት ባኖር ሰው ይመጣል።” ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ስለዚህ ስውር ሳንቲም የያዘን ሰው ሁሉ ወንጀለኛ ማለት አያስኬድም።

ሌላም ጥሩ ነገር አለው። ከእኛ ዝቅ ብሎ አንኮበር አለ፣ ከአንኮበር ሥር አልዩ አምባ። ድሮ የባሕር ነጋዴ የሚራገፍበት ገበያ ነበር። አሞሌ ጨው መገበያያ ነበር፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የብር ሳንቲም፣ ማርትሬዛም ነበር። በብዛት የዞረው ማርትሬዛ 1780 የሚል ዓመት ነው የታተመበት፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የተመታውም ጭምር። ነጋዴው ብሩን ይመዝናል፣ የሴትየዋን ጌጥ እንቁ ይቆጥራል፣ ይቀበላል። ትናንት በማን እጅ ነበር ብሎ አይጠይቅም። ቢትኮይን ግን ታሪኩን ተሸክሞ ይዞራል። ከሦስት እጅ በፊት የተሰረቀ ከሆነ፣ አንተ ንጹሕ ሆነህ ሳለ ክሪፕቶ የሚያገበያየው ድርጅት ሊያግድብህ ይችላል። ሞኔሮ እንደ ማርትሬዛ ነው። አንዱ ከአንዱ አይለይም። ይህ ለያዘው ሰው እውነተኛ ጥቅም ነው፣ መካድ አይገባም።

ኤጀንቶቹ ግን ይህን አይናገሩም። የሚናገሩት “ይወደዳል” ብቻ ነው። ወሬው ሲሸጥ “ቁጥሩ የተወሰነ ስለሆነ” ይባላል። ለዚካሽ እውነት ነው፣ ጣሪያው 21 ሚሊዮን ነው። ለሞኔሮ ግን ውሸት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በየሁለት ደቂቃው ገደማ 0.6 ሞኔሮ ይጨመራል፣ መጨረሻም የለውም።

ዋጋው ደግሞ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ነው የሚመስለው። ዚካሽ በወጣበት ቀን አንዷ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ተሸጣለች። ያው ዓመት ሳያልቅ 50 ዶላር አካባቢ ወረደች። እ.ኤ.አ. በ2025 መገባደጃ ደግሞ ከ100 ዶላር በታች ከነበረችበት ተነሥታ በጥቂት ሳምንታት 600 አለፈች። ያኔ ነው እኛም ሠፈር ወሬው የጋለው። ሰው የሰማው ሽቅቡን ነው።

ከዋጋው በላይ የሚያሰጋኝ ግን መውጫ በሩ ነው። አንድ ነገር ትርፍ የሚሆነው ሲሸጥ ነው። ስውር ሳንቲሞችን ደግሞ ክሪፕቶ የሚያገበያዩት ትልልቅ ድርጅቶች አንድ በአንድ እያስወጧቸው ነው። ደቡብ ኮሪያና ጃፓን ያሉት ቀደም ብለው አስወጡ። ዱባይ እ.ኤ.አ. በ2023 ከለከለች። ከትልልቆቹ ድርጅቶች አንዱ የሆነው ባይናንስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሞኔሮን አስወጣ። ዜናው እንደተሰማ ዋጋው ከሩብ በላይ ወረደ። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2027 ጀምሮ ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች እንዳይነኳቸው የሚያደርግ ሕግ አውጥቷል። ሳንቲሙ አይሞትም፣ ከሰው ወደ ሰው መሸጡ ይቀጥላል። ግን መንዝ ያለ ገበሬ ማንን አምኖ ይሸጣል? ያንኑ ኤጀንት።

የሒሳቡም ጉድለት አለ። ዚካሽ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ሐሰተኛ ሳንቲም ለመሥራት የሚያስችል ስሕተት ተገኝቶ ነበር። ሠሪዎቹ በዝምታ አረሙትና እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ ተናገሩ። ስሕተቱን ማንም እንደተጠቀመበት ማስረጃ አልተገኘም። ችግሩ ሌላ ነው። መጠኑ በማይታይ መዝገብ ውስጥ ሐሰተኛ ሳንቲም ቢገባ ቆጥሮ ማግኘት ይቸግራል። የተሰፋ ጆንያ መግዛት ማለት ይሄ ነው።

ሌቦችም እንደሚወዱት አልደብቅም። እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለምን ኮምፒውተሮች ቆልፈው ቤዛ የጠየቁት ሰዎች የሰበሰቡትን ቢትኮይን ወደ ሞኔሮ ነው የቀየሩት። የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ሞኔሮን የሚከታተል መሣሪያ ለሚሠራለት እስከ 625,000 ዶላር እከፍላለሁ ብሎ ነበር። በነገራችን ላይ ሞኔሮ በተራ ኮምፒውተር ስለሚቆፈር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ መዝገቡን እየሠራ አዲስ ሳንቲም ስለሚያገኝበት፣ “ላፕቶፔ ያለ ሥራ ይግላል፣ ይንቀራፈፋል” ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ሲኖረኝ መጀመሪያ የምፈትሸው ተደብቆ የሚቆፍር ፕሮግራም ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶ መገበያየትም ሕገ ወጥ መሆኑን ገለጻችሁ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በክሪፕቶ ሥራ የተሰማሩ እንዲመዘገቡ ጠራ። እኛ ታች ያለነው ሁለቱን አንድ ላይ ሰማን። አንዱ የማይቻለውን ተናገረ፣ ሌላው የሚቻለውን። ኤጀንቶቹ የሚመቻቸውን መርጠው ያዙ። “መንግሥት እየመዘገበ ነው፣ አይዟችሁ” ይላሉ። ገንዘቡን ከበሉ በኋላ ደግሞ የእናንተን መግለጫ ያነሣሉ፦ “ብትከሱ እናንተው ትታሠራላችሁ።”

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 አለፈ። ውሳኔው ልክ ነው አይደለም አልልም። ግን ባሕር ዛፍ የሸጠ ሰው ብሩን ይዞ መቀመጥ የፈራው ያን ጊዜ ነው። ለማስቀመጥ ብሎ ዶላር በሕጋዊ መንገድ መግዛት ይቸግረዋል። መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ከብት በሽታ አለበት። አክሲዮን ገበያው አዲስ አበባ ነው ያለው። በዚህ ባዶ መሃል ነው ልጁ ቴሌግራሙን ይዞ የገባው።

የጋሼን ነገር ቁጭ ብዬ መልሼ ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። ሞኔሮ የተሰረቀውን ሳንቲም ደብቋል። ልጁን ግን አልደበቀውም። ጋሼ ብሩን ለሻጩ ያስተላለፉት በባንክ ነው። ለልጁ “ኮሚሽን” ብለው የላኩትም በባንክ ነው። ደረሰኙ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ታጥፎ ነበር። ስም አለበት፣ የሒሳብ ቁጥር አለበት፣ ሰዓቱ አለበት። 16 ሰው ጋቢ ቢከናነብ ምን ዋጋ አለው፣ አንዱ መታወቂያውን ጥሎ ሄዷል። ዱካው ያለው እናንተ በምትቆጣጠሩት ባንክ ውስጥ ነው።

“እንግዲያው ጋሼ፣ ተነሡ ፖሊስ ጋ እንሂድ” አልኳቸው።

“ሕገ ወጥ ነገር ገዝቼ፣ ተሰረቅኩ ብዬ? እኔን አይደል የሚይዙኝ?” አሉ።

መልስ አጣሁ። አይይዝዎትም ብዬ የምምልበት ወረቀት የለኝም። ልጁም የሚተማመነው በዚሁ ነው። የሞኔሮን ሒሳብ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አይመስለኝም። የጋሼን ፍርሃት ግን በደንብ ያውቃል።

ስለዚህ የምለምነው ክሪፕቶን ፍቀዱ ብዬ አይደለም። ከልክሉም አልልም፣ ያ የእናንተ ሥራ ነው። የምለምነው አንድ ወረቀት ነው። በዚህ ነገር የተጭበረበረ ሰው ሪፖርት ሲያደርግ በመግዛቱ ብቻ እንደማይከሰስ የሚናገር፣ ወይም ይከሰሳል ከተባለም በግልጽ የሚናገር። የትኛው መሥሪያ ቤት፣ የትኛው መስኮት፣ የትኛው ስልክ እንደሆነ ይጻፍበት። ባንኮችም በሪፖርቱ መሠረት ብሩን የተቀበለውን ሒሳብ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚያዩት ይነገራቸው። ሌባ ሒሳቡን ባዶ ለማድረግ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።

ወረቀቱ በአማርኛ ይሁን፣ በኦሮምኛም፣ በሌሎቹም። የሕግ አማርኛ ሳይሆን የገበያ አማርኛ። 25ቱን ቃላት ለማንም አትስጡ የሚል አንድ መስመር ይኑርበት። ከተቻለ በሬዲዮ ይነበብ፣ ጋሼ ቴሌግራም የላቸውም።

ለምርመራ ፖሊሶችም አንድ ነገር ቢነገራቸው። ሞኔሮ “ምንም አይታይም” ተብሎ ፋይሉ የሚዘጋበት ነገር አይደለም። ባለቤቱ ከፈለገ የማያ ቁልፍ የሚባል አለው። ያን ቁልፍ ለሌላ ሰው ቢሰጥ የገባለት ሁሉ ይታያል፣ ገንዘቡን ግን ማንቀሳቀስ አይቻልም። ወጪው ደግሞ ራሱ ዋሌቱ ላይ ተጽፏል። ጋሼ መቼ ስንት እንደገዙና በየትኛው ቀን እንደወጣባቸው ማስረዳት ይችላሉ። ያን ከባንኩ ደረሰኝ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ይህን ለማንበብ የውጭ አገር መሣሪያ አያስፈልግም። እኔ ሱቅ ውስጥ በአሥር ደቂቃ ይታያል፣ ከፈለጋችሁ መጥቼ አሳያለሁ። የትራንስፖርቴንም ራሴ እችላለሁ። 50 ብሯን እንደ መመለስ ቁጠሩልኝ።

እኔም ከዚያ ወዲህ ዋሌት ለሚያስጭን ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ “ቃላቱን ራስዎ ይጻፉ። ሌላ ሰው ሊጽፍልዎ ከሆነ አልጭንም።” ሁለት ደንበኛ ተቆጥቶብኝ ሄዷል።

የጋሼ ስልክ አሁንም እኔው ጋ ነው። ዋሌቱን እንዳላጠፋው አዝዘውኛል። ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ሲመጡ ብቅ ብለው “ምን አሉ?” ይሉኛል። የሚጠይቁኝ ስለ እናንተ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ ስልክ ጠጋኝ፣ ደብረ ብርሃን